ለፍጻሜው ጨዋታ የተቆፈረ ጉድጓድ
(ሰሜን እንግሊዝ፣ የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ፤ ዐርብ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን መቃብር ቦታ፣ በክፍያ ራግቢ የሚጫወተው ከሰል ቆፋሪ ኤድዊን፣ በልጅነቱ ጨዋታውን ያስተማረውን ሽማግሌ መቃብር ቆፋሪ ሆሬስን እየለመነ ነው።)

ሆሬስ፦ ነገርኩህ እኮ፣ ሥራ የለም። በዚህ ሳምንት የሞተ ሰው የለም።

ኤድዊን፦ አንድም ሰው?

ሆሬስ፦ ታዲያ ምን ላድርግ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ልለምን?

ኤድዊን፦ ሚስተር ሆሬስ፣ ደንቡን ያውቁታል። በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ያልሠራ ተጫዋች ቅዳሜ ሜዳ አይገባም። የከሰል ማውጫውን ደግሞ ሰኞ ውሃ ሞላውና ቤቴ ተቀመጥኩ።

ሆሬስ፦ ሌላ ቦታ ሞክር።

ኤድዊን፦ ከተማውን አዳረስኩት። ዳቦ ጋጋሪው ትከሻዬን አየና በሩ አያስገባህም አለኝ።

ሆሬስ፦ እውነቱን ነው።

ኤድዊን፦ ነገ የዋንጫ ፍጻሜ ነው። ጉልበቴ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ሌላ ፍጻሜ አላገኝም።

ሆሬስ፦ እኔ ሳስተምርህ በነፃ ነበር የምትጫወተው።

ኤድዊን፦ በነፃ ስጫወት ክንዴ ተሰብሮ ሥራ ፈታሁ፤ እናቴ የጎረቤት እጅ አየች። ረሱት?

ሆሬስ፦ አልረሳሁም። ሾርባውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

ኤድዊን፦ ክፍያ ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድ ጨዋታዬን አላዩም። መንገድ ላይ እንኳ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ከፍቶኝ ነው የኖርኩት።

ሆሬስ፦ ማዶ ፀሐይ ስላለ ነው።

ኤድዊን፦ እዚህ አገር?

ሆሬስ፦ አካፋው ከበሩ ኋላ ነው። ከባለቤቴ መቃብር ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ቆፍር።

ኤድዊን፦ የሞተ የለም አላሉኝም?

ሆሬስ፦ የለም። ሐኪሙ ግን አንተ ራስህ የዘንድሮን ብርድ አትዘልቀውም ብሎኛል።

ኤድዊን፦ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያዙኛል? አልቆፍርም። ጨዋታው ጥንቅር ይበል።

ሆሬስ፦ ስማ። መሬቱ በውርጭ ከደረቀ በኋላ የማላውቀው ሰው አጥብቦ ይቆፍርልኛል። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ መዋልህን ቄሱ ይመሰክሩልሃል።

ኤድዊን፦ አንጀቴን በሉት እኮ።

ሆሬስ፦ አካፋውን ያዝ። ስታጎነብስ ወገብህን ጠብቅ፣ ነገ ያስፈልግሃል።

ኤድዊን፦ ለመቼ... ለመቼ ልጨርሰው?

ሆሬስ፦ ቀስ ብለህ። ነገ እንደሆነ አልገባበትም፤ ነገ የማየው ጨዋታ አለኝ።