አባዬ ዘነበወርቅ የሚያቆመው ለምንድን ነው?

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እገድፋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባዬ የድርጅት መኪና ሹፌር ነው። መኪኖቹ ላይ መከታተያ ጂፒኤስ የተገጠመ ጊዜ ሹፌሮቹ «ሚስቶቻችን እንኳ እንዲህ አልተከታተሉንም!» ብለው ሳቁ። አባዬ ግን ጠዋት ጠዋት ዘነበወርቅ ሰፈር እንደሚያቆም ታየና «ነዳጅ እየቀዳህ ትሸጣለህ፤ ምክንያትህን ካልተናገርክ ትባረራለህ» ተባለ። አልናገርም አለ።

ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቀው እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ነዳጅ አይደለም ጋሼ፤ እኔን ሆስፒታል ለማድረስ ነው የሚያቆመው» ብዬ ካልሲዬን አወለቅኩና የእግሬን የሥጋ ደዌ ቁስል አሳየኋቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ለምን ደበቀን?»

«ሰው እንዳይሸሸኝ ብሎ ነው። መምጣቴን ግን እንዳይነግሩት።»

በማግስቱ አባዬ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው አሉኝ!» እያለ እየሳቀ ገባ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ቢሮ መሄዴን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።