በስክሪኑ ላይ የቀረው ዘጠና ሰባት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

አዳራሹን ጠርጋችሁ፣ ወንበር ከየቢሮው ለቅማችሁ፣ ለአንድ ጡረተኛ ብላችሁ ከሥራችሁ ስለተነሳችሁ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ስለ እኔ ያሉትን ሁሉ ሰማሁ። ሰው እንዲህ የሚሞገሰው ሲቀበር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መሣሪያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኛው የሠራነው የኦክስጅን መለኪያ ነው። መቆንጠጫው የበሽተኛ ጣት ላይ ይደረጋል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስክሪኑ ይናገራል። ከኋላ ያላችሁ፣ ቁጥሩ ይታያችኋል? ዘጠና ሰባት። ጤነኛ ነው ማለት ነው። እመለስበታለሁ።

ለአዳዲሶቹ ልንገራችሁ። ውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ራሳችን ሠራነው፤ ስክሪኑን ከውጭ ገዛነው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ተቀመጠብን። እጀ ወርቅ የምንላት በያጃችን፣ “ኢንጂነር፣ አምፖል ከሆነማ ለምን መጸዳጃ ቤት አንሰቅለውም? እዚያ ጨለማ ነው” አለችኝ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሥዕል መጣ፤ ግን ተዘቅዝቆ። ስናቃናው ደግሞ ቀዩና ሰማያዊው ቦታ ተለዋወጡ። ለሙከራ የከተትነው የሥራ አስኪያጃችን ፎቶ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ፣ እጀ ወርቅ “ውይ፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል! ኦክስጅን አምጡ!” ብላ ሮጠች።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። መሣሪያው ሲበራ ፕሮግራሙ እስኪነሳ አርባ ሰከንድ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ምን እንዳሉን ያስታውሳሉ? “እንግዳ አርባ ሰከንድ ጥቁር ነገር ሲያይ ይቆማል እንዴ? አንድ ነገር አድርጉ።” አንድ ነገር አደረግሁ። መቆንጠጫውን በራሴ ጣት ላይ አድርጌ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ስክሪኑን እንዳለ በፎቶ አስቀረሁት። ፕሮግራሙ እስኪነሳ ያ ፎቶ እንዲታይ ከተትኩት። እንግዶቹ ገና ሲበራ ዘጠና ሰባት አዩና አጨበጨቡ።

“ነገ አወጣዋለሁ” አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ስልሳ ሦስት መሣሪያ ያንን ፎቶ በሆዱ ይዞ ከዚህ ግቢ ወጣ። ፕሮግራሙ ሳይነሳ ቢቀርስ? ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

የበሩን ጥበቃ ሻምበልን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ሻምበል ያሰኛቸው ቦርሳ አፈታተሻቸው ነው። ሥራ አስኪያጁንም አይምሩም። ዛሬ በሩን ቆልፈው እንዲገቡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ያው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤታቸው ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሻምበል ጠዋት በሩ ላይ አቆሙኝና “ኢንጂነር፣ አልጋዋ አጠገብ ያለው የኛ መሣሪያ ነው። ስንት ሲል ነው መፍራት ያለብኝ?” አሉኝ።

“ከዘጠና በላይ እስካለ ሐሳብ አይግባዎ” አልኳቸው።

“እናንተ የሠራችሁት ከሆነማ” አሉና ፊታቸው በራ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ነርሶቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። መሣሪያው ጠፍቶ በራ። ፎቶው ወጣ፤ ፕሮግራሙ ግን ሳይነሳ ቀረ። ማስጠንቀቂያውን የሚያስጮኸው ፕሮግራሙ ነውና ምንም አልጮኸም። ነርሷ ከበር ላይ አየች፤ ዘጠና ሰባት። ሻምበል የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ስደርስ እንዲህ አሉኝ፦ “ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ፣ ኢንጂነር። ማሽኑ ግን ደህና ናት ይላል። እኔ ከማሽን በላይ አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ።”

ባለቤታቸው ሲታፈኑ ስክሪኑ የሚያሳየው የእኔን ትንፋሽ ነበር።

መሣሪያው ለምርመራ ሲመለስ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ገና ሳበራው ገባኝ። ሪፖርቱ ላይ “የኤሌክትሪክ መዋዠቅ” ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም፤ የተመቸኝም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ ሻምበል ቦርሳዬን ያያሉ፣ “ምንም የለም፣ በሰላም ይግቡ” ይሉኛል። እኔም አመስግኜ አልፋለሁ። ይህን የሚያህል ፈሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ እንጂ አልጠራም።

ለምን ዛሬ? ጡረታው እስኪደርስ ጠብቆ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ዛሬ ጠዋት መሣሪያችን ላለበት ሆስፒታል ሁሉ ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ መሣሪያውን አትመኑት፣ መልሱልን የሚል። ስሜና ፊርማዬ አለበት። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሳላስፈቅድዎ ነው፤ ቢቆጡ እቀበላለሁ። ማስተካከያውን በእጀ ወርቅ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ለአንዱ መሣሪያ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሁለት ዓመት ያቆየሁት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ተመልከቱ። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ሶኬቱን ሁለቴ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ፤ ያን ቀን መብራቱ እንዳደረገው። አሁንም ዘጠና ሰባት ይላል አይደል? መቆንጠጫው ይኸው፣ ከኪሴ ነው ያወጣሁት። እስካሁን ማንም ጣት ላይ አልነበረም።

ባይገባኝም ልመርቃችሁ፤ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወርድም። ያላወቀውን አላውቅም የሚል መሣሪያ ለመሥራት ያብቃችሁ። ስክሪናችሁ ሲያቅተው ጥቁር ይሁን፤ ጥቁር ሲሆን ሰው ይሮጣል። “ነገ” ያላችሁትን ሥራ ዛሬ የሚያስታውሳችሁ ባልደረባ አይጥፋ። ፈጣሪ ከበሽታ ይጠብቃችሁ፤ ከታመማችሁም ከእኔ በተሻለ ሰው እጅ ይጣላችሁ።

ሻምበል፣ ይቅር በሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሰው ሁሉ ፊት የነገርኩዎት፣ ብቻችንን ብነግርዎ አዝነውልኝ ነገሩን ዋጥ እንዳያደርጉት ብዬ ነው። አሁን ወርጄ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። እስኪመጡ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።