ፀሐይ እንዳይመታው የሸፈንሁት መስታወት

ስም፦ መሪጌታ ተክለ ማርያም ገብረ ሐና
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
ሥራ፦ ብራና ጸሐፊ
አድራሻ፦ ፎገራ፣ ርብ ወንዝ ዳር
ቃል የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ወረታ፣ መስከረም 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቻለሁ። የምናገረው ወንዝ ጠባቂው ማረው ደብሬ ስለታሰረበት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰኔ አንድ ውሃ የሚለካ መሐንዲስ ርብ ሲሞላ የሚጮህ ደወል በግቢዬ ጥግ ተከለ። ደወሉ የሚሠራው በትንሽ ባትሪ ሲሆን ከባትሪው ጋር በሽቦ የተያያዘ ጥቁር መስታወት አለ። ማረው ማታ ማታ ይጠብቃል፤ ቀን እርሻው ላይ ይውላል። እኔን ደግሞ መሐንዲሱ ቀን ቀን ዓይንዎ አይለየው ብሎ አደራ አለኝ። ነሐሴ ላይ ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኾ ሰዉን ከነከብቱ አድኖ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ መስታወቱን ብነካው እጅ ያቃጥላል። እኔ አርባ ዓመት ብራና ስፍቅና ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ፀሐይ የመታው ብራና ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ይህም እንዳይበላሽ ብዬ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ጧት በፍየል ቆዳ እየሸፈንሁ፣ ማረው ሳይመጣ አመሻሽ ላይ ቆዳውን አነሣው ነበር። ማረው ፊደል ያስቆጠርሁት ተማሪዬ ነው። በክረምቱ አንድ ቀን «የኔታ፣ ይህ መስታወት እኮ ምግቡ ፀሐይ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ «አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔን ታስተምር ጀመር?» አልሁት።

መስከረም 9 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይጥል፣ በላይ በደብረ ታቦር በኩል የዘነበው ውሃ ድንገት ደረሰ። ደወሉ ሳይጮህ ቀረ፤ ያኔ የማረው ቃል ትዝ ብሎኝ ወደ መስታወቱ ሮጥሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አማከለች ወንዙ ዳር ከብት ትጠብቅ ነበር፤ ሁለት በሬዎቿን ውሃ ወሰዳቸው። እሷን ግራር ይዟት ሰዎች አወጧት፤ እስከ ዛሬ ነፍሷን አላወቀችም።

ማረው ቀደም ሲል ከእሷ ጋር በግጦሽ ተጣልቶ ስለነበር፣ ባትሪውን ሆን ብሎ አበላሽቷል ተባለ። እሱ ግን ከእርሻው ሮጦ ሲደርስ ቆዳውን ከመስታወቱ ላይ ስገፍፍ አይቶኛል። እጁን ሲያስሩት ወደ እኔ ተመለከተ እንጂ አላጋለጠኝም። እኔም ፈራሁ። ሰዉ በዱላ ይጨርሰኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር በሬን እቀረቅራለሁ። ባትሪውን ፀሐይ የከለከልሁት እኔ ነኝ።

ቆዳውን ይዤ መጥቻለሁ። ለማስረጃ ከፈለጋችሁት ውሰዱት፤ ካልፈለጋችሁት ስታስሩኝ አነጥፈዋለሁ። ማረው ይፈታ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጨመርሁትም የደበቅሁትም የለም፣ እውነት ነው።

ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ደሞዝ ትሁን፣ ፊርማ
ቃል ሰጪ፦ ጸሐፊ ቢሆኑም ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ስለወደቀ የአውራ ጣት አሻራ አድርገዋል።