ገበያው እያየ ምታኝ

በሶማሊያ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው ፊት ለፊት ባለ የኢትዮጵያ ጦር ካምፕ፣ ረፋድ ላይ፤ አዛዡ ሻምበል ደመላሽና ድሬዳዋ ሲነግዱ አማርኛ የለመዱት የአገር ሽማግሌ ሐጂ ሮብሌ።

ሻምበል፦ አላደርገውም አልኩ እኮ ሐጂ! ሽማግሌ አልመታም፤ በቃ።

ሐጂ፦ አንድ ጥፊ ነው። ኮፍያዬን መሬት ትጥላለህ፣ ገፍትረህ በበሩ ታስወጣኛለህ። ይሄ ምን ይከብዳል?

ሻምበል፦ ኧረ በፈጠረዎት! አባቴ ቢሰማ ልጄ ነው አይለኝም።

ሐጂ፦ አባትህ እዚህ የሉም። እኔ ነኝ ያለሁት፤ እሱም እስከ አርብ።

ሻምበል፦ አርብ ምን አለ?

ሐጂ፦ ጫካ ያሉት ታጣቂዎች ደወሉልኛ! «ከመስጊድ ስትወጣ እንገናኛለን፤ ወዳጅህ ሻምበል ይሸኝህ» አሉኝ።

ሻምበል፦ የምን ወዳጅ? የውሃ ጋሪዎቻችንን ኬላ ላይ አታግቱብን ብለው ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ። አለቀ።

ሐጂ፦ መች አለቀ! ለምኖ መሄድማ ማንንም አይገድልም። ተነስተህ ሸኘኸኝ እንጂ! እጄን ይዘህ፣ ገበያውን አቋርጠህ፣ እስከ ቤቴ። በሬ ላይ ደግሞ ጎንበስ ብለህ እጅ ነሳኸኝ!

ሻምበል፦ እንግዳ ተቀምጦ አይሸኝማ! እኛ ጋ ነውር ነው። አክብሬዎት ነው።

ሐጂ፦ እኔ አውቃለሁ፤ ድሬዳዋ ኖሬያለሁ። ገበያው ግን የት ያውቃል? ያየው ባለጠመንጃ የሚሸኘውን ሰው ነው። ቤቴ ስደርስ ጠቋሚ ሆኜ ነበር።

ሻምበል፦ ጠባቂ እመድባለሁ።

ሐጂ፦ ጭራሽ ወታደር በሬ ላይ!

ሻምበል፦ እሺ፣ እዚሁ ካምፕ ይቀመጡ።

ሐጂ፦ አንተስ እስከ መቼ ነህ? ከአንተ በፊት የነበረው ሻምበልም ለወንድሜ ጠባቂ መድቦለት ነበር። ጦሩ ሲቀየር ጠባቂው አብሮ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜን ቀበርነው።

ሻምበል፦ ይሄን አልነገሩኝም።

ሐጂ፦ አልጠየቅህማ።

ሻምበል፦ ሐጂ፣ ይስሙኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ «ልንመታችሁ አልመጣንም» ስል ነው የከረምኩት። እርስዎን በአደባባይ ብመታ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ነገ ጫካ ይገባል። ጥይቱን የሚቀበሉት ደግሞ የኔ ወታደሮች ናቸው።

ሐጂ፦ ይገባል፤ አልዋሽህም። መጀመሪያ የሚገባው የራሴ ልጅ ነው።

ሻምበል፦ እያወቁ?!

ሐጂ፦ እያወቅሁ! ተቆጥቶ ይሂድብኝ። ሬሳዬን ከመንገድ ከሚያነሳ እሱ ይሻለኛል።

ሻምበል፦ ምን ዓይነት ጉድ ነው! አገር አረጋጋ ተብዬ መጣሁ፤ አክብሬ ላስገድል፣ አዋርጄ ላድን?

ሐጂ፦ እሱን ከላኩህ ሰዎች ጋር ተነጋገር። አሁን ገበያው ሞልቷል፤ እንውጣ።

ሻምበል፦ ይቅር ይበሉኝ ሐጂ።

ሐጂ፦ ይቅር ብያለሁ። ደጅ ላይ ግን እንዳትደግመው።

ሻምበል፦ ውጣ! ውጣ ከዚህ፣ አንተ የማትረባ ሽማግሌ!

ሐጂ፦ ጮክ በል ልጄ፤ ገበያው አልሰማህም።