የኩሬው መውጫ

ዝናቡ ያገናኛቸው ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ነው። ኣቦይ ገዛኢ ከኲሓ ተነሥተው ከታክሲ ሲወርዱ ሰማዩ ድንገት ወረደባቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንዲት ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሥር ገቡና አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ቀድማቸው የተጠለለች ወጣት ነበረች። ቢጫ ቀለም የተቀባ ባለሦስት እግር ዕቃ እንደ ሕፃን አቅፋ ከእናቷ ጋር በስልክ በአማርኛ ታወራለች።

«እኔ አልረጠብኩም እማ፤ ዕቃውን ነው የመታብኝ» ስትል ሰሙና ፈገግ አሉ።

አማርኛ የጎልማሳነታቸው ቋንቋ ነው። ናዝሬት በግንበኝነት የኖሩባቸው ዓመታት ዛሬም ከምላሳቸው አልወጡም። ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቁና፣

«ፎቶ አንሺ ነሽ ጓለይ፣ ልጄ?» አሏት።

«አይደለሁም ኣቦይ። ይኼ የመሬት ከፍታ የምንለካበት መሣሪያ ማቆሚያ ነው። ሳምራዊት እባላለሁ። የግብርና ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመት።»

ፈገግታው ከሽማግሌው ፊት ጠፋ። በዚያ ጠዋት ከቤታቸው ያስነሣቸው ይኸው የትምህርት ስም ነበር። የቀረቻቸው ልጅ ዮሃና የአንደኛ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የትምህርት ክፍል መምረጫዋ ዛሬ ይዘጋል። ትናንት በስልክ «የግብርና ምህንድስናን አንደኛ አድርጌዋለሁ» አለቻቸው። ኣቦይ ገዛኢም ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው፣ ቢሮው ሳይዘጋ ሊያስቀይሯት መጡ።

«ስንት ዓመት ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«አምስት ዓመት ነው። የእኛን ጦርነቱ አቋረጠውና ከዚያ በላይ ወሰደ።»

«እኔ ሞፈር መጨበጥ የተማርኩት በአንድ ክረምት ነው። ያውም አስተማሪዬ በሬው ነበር።»

ሳምራዊት ሳቀች። «ታዲያ በሬው ዲግሪ ሰጠዎት?»

«ጎኔን ወጋኝ። ጠባሳው አለ፤ እሱ ነው ዲግሪዬ።»

ሁለቱም ሳቁ። የሽማግሌው ሳቅ ግን ቶሎ ደረቀ።

«አየሽ ጓለይ፣ የእኔ ልጅ ቃላሚኖ፣ ጎበዝ ተመርጦ በሚገባበት ትምህርት ቤት፣ የተማረች ናት። ሰዉ ሁሉ ሐኪም ትሆናለች እያለኝ ነው የኖርኩት። ከጭቃ ያወጣኋት ልጅ ተመልሼ ጭቃ ልግባ ስትል አባት ምን ይበል?»

«የእኔም አባት እንዲሁ ብሎኛል» አለች ሳምራዊት፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «መምህር ነው። ‹ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ ያሳደግኩሽ ጭቃ እንድትለኪ ነው?› አለኝ።»

«ምን መለስሽለት?»

«‹አዎ› አልኩት።»

«ደፋር!» አሉ ኣቦይ ገዛኢ፤ ቢቆጡም መልሱ ሳይጥማቸው አልቀረም።

ሳምራዊት ደፋር አልነበረችም። ስለ ራሷ ስትጠየቅ ድምጿ የሚያንስ፣ ስለ ትምህርቷ ስትጠየቅ ግን ከፍ የሚል ልጅ ናት። ከአስፋልቱ ዳር እየተንደረደረ የሚወርደውን ቡናማ ውኃ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ይህን ይመልከቱ ኣቦይ። የእኛ አገር ችግር ዝናብ ጨርሶ አለመዝነቡ አይደለም። ባንድ ጊዜ ይመጣል፣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ ይቆማል። ያኔ ገብሱ ፍሬ ሊይዝ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ውኃ ቢያገኝ ይተርፋል፤ ካላገኘ ገለባ ይሆናል። በሬ ይህን አያስተምርም። ውኃው በየት ይምጣ፣ የት ይረፍ፣ ስንት ማሳ ያጠጣ የሚለው ስሌት ይፈልጋል። እኔ ለመመረቂያዬ የምሠራው ይህንኑ ነው። ለአንድ መንደር ኩሬ…»

«ኩሬ አትበይኝ» አሉ።

ጮኸው አልተናገሩም።  ጋቢያቸውን አጥብቀው ሰበሰቡና ቀጠሉ።

«መንደር ሳለን፣ ዮሃና ገና ጡት ሳትጥል፣ ባለሙያዎች መጡ። ‹ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ላስቲክ አንጥፉ፣ የክረምቱን ውኃ ያዙ› አሉን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነው የቆፈርኩት። በዚያው ዓመት ሽንኩርት አበቀልኩ። ጎረቤት እየመጣ ያይልኝ ነበር። ኣንዶም የሚባል ወንድ ልጅ ነበረኝ። ያንን ውኃ ይወደው ነበር። ጠጠር ይጥልበትና ክብ ክብ ሲሠራ ይስቃል። አንድ ቀን እናቱ ኣብርሀት ስትፈልገው መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። አውልቆ ከዳር አስቀምጦታል። እንዳይረጥብበት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

«ጉድጓዱን በማግስቱ በአካፋ ደፈንኩት። ማሳውን ለወንድሜ ትቼ ኲሓ ገባሁ። ዮሃናን ‹ወንድምሽ በሕመም ሞተ› ብለን አሳደግናት። ምንም አታውቅም። ይኸው ዛሬ ኩሬ ሠሪ ልሁን አለች። እስቲ አንቺ ፍረጂ።»

ሰው ኀዘኑን ሲነግረን አብዛኞቻችን ዝምታውን ስለምንፈራ ‹እግዜር ያጽናዎት› ለማለት እንቸኩላለን። ሳምራዊት አልቸኮለችም። ዕቃዋን ከግድግዳው አስደግፋ ከጎናቸው ቁጭ አለች። በመጨረሻ የጠየቀችው ጥያቄ ለሌላ ሰው ጭካኔ ሊመስል ይችል ነበር።

«የጉድጓዱ ጎንና ጎን ቀጥ ያለ ነበር ኣቦይ?»

«ቀጥ ያለ። ላስቲኩም እስከ አፉ።»

«እንዲያ ከሆነ ዋና የሚችል ጎልማሳም አይወጣበትም። እርጥብ ላስቲክ መጨበጫ የለውም። አረንጓዴው ዝልግልግ ሲይዘው ደግሞ ይብሳል።»

«ቅርብ ነበርኩ እኮ!» አሉ ሽማግሌው። «እዚያው ማሳ ላይ ነበርኩ። አልጮኸም። ለምን አልጠራኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ቀን ከሌት።»

«የሰመጠ ልጅ አይጮኽም። ለመተንፈስ ሲታገል ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። ሊጠራዎት አልፈለገም ማለት አይደለም፤ አልቻለም።»

ኣቦይ ገዛኢ ወደ እሷ ዞሩ።

«ምን ቢኖር ይወጣ ነበር?»

ሳምራዊት መልሱን ታውቀው ነበር፤ ‹ምነው ባላወቅኩት› አለች በልቧ። እንዳትዋሽ ግን የሽማግሌው ዓይን ከለከላት።

«ገመድ» አለች። «ከዳር ካስማ ላይ ታስሮ ወደ ውኃው የወረደ፣ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ። ወይም አንደኛው ጎን እንደ ደረጃ ቢቆረጥ። ዙሪያውን ደግሞ አጥር።»

«ገመድ ብቻ?»

«እሱም ሊያወጣው ይችል ነበር።»

«ቤቴ እኮ ገመድ ሞልቶ ነበር» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የሚያለቅሱት በድምፅ አልነበረም። ሲነሡ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ንግግራቸው ከርሮ ነበር።

«እንግዲያው የገደላችሁት እናንተ ናችሁ። የተማራችሁት!»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሳምራዊት። ዓይኗን ግን ከፊታቸው አላነሣችም። «ውኃው እንዴት እንደሚገባ የሳለ ሰው ነበር፤ ልጅ እንዴት እንደሚወጣ ያሰበ አልነበረም። እኔም የመጀመሪያ ኩሬዬን ስስል የተጨነቅሁት ስለ ስፋቱና ስለ ጥልቀቱ ብቻ ነው። ገመዱ የገባኝ ኋላ ነው። ግን ኣቦይ፣ ዝናቡ እንዲህ እስከሆነ ድረስ ሰው መቆፈሩን አይተውም። ወንድምዎ ራሳቸው ዛሬ ውኃ ቢያጡ ይቆፍራሉ። እኔን የሚያስፈራኝ መውጫውን ማን ያሳያቸዋል የሚለው ነው። ከኩሬ ዳር ጫማ ያገኘ ቤት ልጁን ከዚህ ትምህርት ካስቀረ፣ ኩሬውን የሚስሉት ምንም ያልጎደለባቸው ብቻ ይሆናሉ።»

«ሐኪም ብትሆንስ? ሐኪምም ነፍስ ያድናል።»

«ያድናል። ኣንዶምን ግን ሐኪም ጋ አደረሳችሁት?»

ኣቦይ ገዛኢ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ አብረው ወደ ግቢው አቀኑ። ሳምራዊት ማቆሚያውን መመለስ ነበረባት። ሽማግሌው በመንገድ ላይ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከጦርነቱ በኋላ ከክፍላችሁ ስንቶቻችሁ ተመለሳችሁ?»

«ሁላችንም አይደለንም» አለች። «ኤልሳዕ የሚባል ልጅ ነበር። አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። ይህን ማቆሚያ ማስተካከል ያስተማረኝ እሱ ነው።» ሌላ አልጨመረችም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቢጫውን ዕቃ ተቀብለው በትከሻቸው ያዙላት።

ዮሃና ከግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። አባቷን ያንን ዕቃ ተሸክመው ስታይ ለክርክር ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ኣቦይ ገዛኢ ከአማርኛው ወደ ትግርኛቸው ተመለሱ።

«ምርጫሽን አትቀይሪ።»

«ኣቦይ?»

«አትቀይሪ አልኩሽ። ግን ሳትገቢበት የምነግርሽ አለ። ወንድምሽ…»

«አውቃለሁ» አለች ዮሃና በቀስታ። «እናቴ ነግራኛለች። ቃላሚኖ ልገባ ስል። እርስዎ እንዳያዝኑ ነው የማላውቅ መስዬ የኖርኩት።»

«ታዲያ ይህን የመረጥሽው…»

«ለዚህ ነው።»

ስለዚህ ትምህርት ጥቅም ብዙ ማለት ይቻላል። ውኃውን በልክ የያዘ መንደር የነሐሴ መጨረሻ አያስደነግጠውም። የጎርፉ መንገድ ከተበጀለት ቦረቦር ማሳውን ገምሶ አይወስድበትም። እህሉም ነቀዝ የማይደፍረው ጎተራ ካገኘ የዓመት ልፋት በጥር ወር ዱቄት አይሆንም። ይህን ሁሉ ከበሬና ከልማድ ብቻ አንማረውም፤ አስልቶ፣ ለክቶ፣ ተሳስቶም አርሞ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ኣቦይ ገዛኢም ይህን ውለው አድረው ለጎረቤቶቻቸው ማስረዳታቸው አልቀረም። በዚያ ቀን ግን የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለሕይወት የተቆፈረ ሁሉ ለወደቀበት መውጫ ሊኖረው ይገባል። ያንን መውጫ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የጎደለበት ሰው ነው።

ቢጫውን ዕቃ ለሳምራዊት መለሱላት። ከዚያም ቀኝ እጃቸውን መዳፉን ወደ ታች አድርገው ከወገባቸው ትንሽ ዝቅ አደረጉት፤ በሰው ራስ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር።

«ቁመቱ እስከዚህ ነበር» አሏት ልጃቸውን። «የኩሬውን መውጫ ደረጃ ስትቆርጪ ለዚህ እግር እንዲሆን አድርጊው።»

ዮሃና ከመዳፋቸው እስከ መሬት ያለውን በዓይኗ ለካች። እሳቸው ግን እጃቸውን ቶሎ አላነሡም።