ቫርኒሽ ያልተቀባው ጉሮሮ

ዝናቡ አውቶቡስ ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ባያገናኘን ኖሮ፣ የሟች እህቴ ልጅ ያን ቀን ወንድሜ ቤት አትመጣም ነበር። ነርስ ናት፤ ጊዜ የላትም።

«አጎቴ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ዳቦ አልወርድ ብሎታል። ሐሞት በዝቶበት ነው» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ ተከትላኝ መጣች።

ወንድሜ አናጢ ነው፤ አባታችንም አናጢ ነበር። በእነሱ ሙያ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ የጨው ውሃ ጠጥቶ፣ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ፣ ቢጫው እስኪወጣ ማስታወክ ደንብ ነው። የመጋዝ ብናኙና ሐሞቱ አብረው ይወጣሉ ይላሉ። አብሮት የሚሠራው ልጁም ይህንኑ ለምዷል፤ በአንድ ሳፋ ነው የሚያስታውኩት።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ሱሪው አልይዝ ብሎት ቀበቶው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በስቷል።

«አጎቴ፣ ማስታወኩን ይተዉት» አለችው።

«መራራ ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ልዋል እንዴ ልጄ? አባቴ እንዲህ እያደረገ አርጅቶ ነው የሞተው።»

«አያቴ ቢያስታውኩም ኖሩ እንጂ፣ ስላስታወኩ አልኖሩም።»

«ትምህርት ቤት ምላስ ነው እንዴ የሚሞርዱላችሁ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት።

«ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከሥሩ ባለች ከረጢት ይጠራቀማል። ቅባት ሲበሉ ወደ አንጀት ይወርድና ቅባቱን ይበታትነዋል፣ ሳሙና ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንደሚሠራው። በየጠዋቱ የሚደፉት ሳሙናዎን ነው።»

«ሐሞቱን ጠዋት ጠዋት የሚደፋ ወንድ፣ ሐሞት የለውም ቢሉት እንዳይቆጣ!» አልኩ እኔ።

«አንቺ ደግሞ እትዬ፣ የማን ወገን ነሽ?»

«እህል የሚበላ ሰው ወገን ነኝ።»

ወደ እሷ ዞረ። «እሺ፣ ሲወጣ የሚያቃጥለውስ?»

«እሱ የጨጓራ አሲድ ነው። ሥጋውን ያላላል፣ ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም ይገድላል።»

«ሥጋ የሚያላላ ከሆነ ጨጓራውን ራሱን ለምን አይበላውም?»

መቼም ወንድሜ ሞኝ አይደለም። ልጅቱ ዙሪያዋን ቃኘችና አንድ ያለቀ ጠረጴዛ ነካች። «እዚህ ላይ ውሃ ቢፈስ ምን ይሆናል?»

«ምንም። ቫርኒሽ ጠጥቷል።»

«ያኛው ጣውላስ?»

«እሱ ጥሬ ነው። ያብጣል፣ ይጣመማል።»

«ጨጓራ ቫርኒሽ አለው፤ ውስጡን ዝልግልግ ነገር ለብሷል። ጉሮሮዎ ግን ጥሬ እንጨት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አሲዱን ያፈሰሱት እሱ ላይ ነው።»

ጉሮሮውን ጣውላ እንደሚዳስስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። በእንጨት ከነገሩት የማይገባው ነገር የለም።

«የተበላሸ ጣውላ ይላጋል» አለ። «ይሄስ?»

ልጅቱ ወለሉን አየች። «ነገ ሆስፒታል እወስድዎታለሁ» ብቻ አለች።

ወሰደችው። ሐኪሙ ወደ ውስጥ ቢያይ ጉሮሮው ጠቧል፤ ካንሰር የሚሉት ክፉ እባጭም በቅሎበታል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለን። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ራሱ ሳይረፍድበት አልቀረም።

ወንድሜ ቤት እንደገባ ልጁን ጠራና ሳፋውን አስመጣ። መዶሻውን አንስቶ ሁለት ጊዜ እንደመታው ክንዱ ዛለ፤ ልጁ ተቀብሎት ሰባበረው።

እናንተ ሐሞት እናወጣለን የምትሉ፣ ፊደል ካልቆጠረች አሮጊት ስሙ። መራራውን ለአንጀታችሁ፣ የሚያቃጥለውን ለጨጓራችሁ ተዉላቸው፤ እናንተ ሳታዝዟቸው ሥራቸውን ያውቃሉ። የበላችሁት ይረጋላችኋል፣ ጉልበት ይሆናችኋል፣ ጉሮሯችሁም ያወርድላችኋል። ሲያቃጥላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ወደ ሳፋ አትሩጡ።

የወንድሜ ልጅ አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦውን ከነቅርፊቱ ይቆረጥማል። እኔ ለወንድሜ ቀጭን ሾርባ በማንኪያ ጫፍ አቀምሰዋለሁ፤ ግማሹ ይመለሳል። እሱ ግን ዓይኑን ከልጁ አፍ ላይ አይነቅልም።

«እትዬ፣ ትሰሚዋለሽ?» ይለኛል። «ድምፁ ደስ ይላል።»