አራት እጅ ያጎረሰው ኪኒን

ሰው የሚሸሸውን ሰው የሚያገኘው መንገድ ላይ ነው። ሚስራ ሙህዲን በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት አንድ እሑድ ረፋድ ከመድኃኒት ቤት ወጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ የባቲው አጎቷ አያ ረጀብ ከሚኒባስ ሲወርዱ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። በጓሮ በኩል ዞራ ልታመልጥ አሰበችና፣ "ምን በወጣኝ! ሌባ ነኝ እንዴ?" ብላ ፊት ለፊት ሄደችላቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ። አከም ጅርቱ? ቤት ሰላም ነው?"

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የኛስ ቤት ደኅና ነው፤ የከፋው ያንቺ ቤት ነው።" ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የነገ የሰኞ ገበያየን ዝግጅት ጥየ የመጣሁት ወሬ ሰምቼ ነው። ሚስራ ያባቷን መድኃኒት ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች ይባላል። ውሸት ነው በይኝና ከዚሁ ልመለስ።"

"እውነት ነው" አለች ሚስራ። ከሻርፗ ሥር ቁልፉን አውጥታ አሳየቻቸው። "ይኸውና።"

"አጃኢብ! ጭራሽ ታሳዪኛለሽ?"

የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ዘወር አሉ። አይፈረድባቸውም። በዚያ አገር ሱቅ ይቆለፋል፣ ጎተራ ይቆለፋል፤ ለአባት ግን የሚቆለፍ ነገር የለም። አያ ረጀብ ደግሞ ባቲ ላይ የታወቁ የግመል ደላላ ናቸው፤ አንደበታቸው አፋርን ከደገኛ ያስማማል። መምህርት ሚስራን ግን የሚያስማማ አልተገኘም። ሁለት ወር ሙሉ ጎረቤቱ ሲያማት፣ ዘመድ ሲልክባት፣ "አልከፍትም" እንዳለች ነበረች። አሁንም እየተከራከሩ በእግራቸው ወደ ቤት አቀኑ።

"ስሚ ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ። ወንድሜ ሙህዲን በዚህች ከተማ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። የማንንም ልክ ጽፎ አያውቅም። ደንበኛውን አንዴ በሜትር ከለካው በዓመቱ ሲመለስ በቃሉ ይሰፋለት ነበር። የከተማ ሰው ልክ በቃሉ የያዘ፣ የራሱን ሁለት ኪኒን አያውቅም ልትዪኝ ነው?"

"የዚያን ዘመን ልክማ ዛሬም ይነግሩዎታል፤ የጠፋባቸው ያሁኑ ነው። ቁርስ የበሉበት እጅ ሳይደርቅ 'ጦሜን አዋላችሁኝ' ይላሉ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሎናል።"

"እቴ፣ በሽታ! ሽማግሌ ሁሉ ይረሳል። እኔም ባለፈው ምርኩዜን መስጊድ ረስቼ ወጥቻለሁ።"

"አንቱ ምርኩዝዎን ረሱ፣ ተመልሰው ወሰዱት። አባየ ግን ምርኩዛቸውን በእጃቸው ይዘው 'ይህ እንጨት ለምንድን ነው?' ይላሉ። ይህና ያ አንድ ነው?"

አያ ረጀብ ምርኩዛቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ፤ የተሸነፉ ግን አይምሰላችሁ። ደላላ አንድ ዋጋ ሲወድቅበት ሌላ ያቀርባል።

"ይሁን፣ ይርሳ። የሚያስታውስ ሰው በዙሪያው ሞልቶ የለም እንዴ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ያገኘ ሁሉ ቢሰጠው ላንቺም ይቀልሻል፣ ለሰጪውም አጅር ነው፣ ከአላህ ምንዳ ያገኝበታል።"

ሚስራ መንገዱ መካከል ቆመች። ደሟ ፈላ።

"አጎቴ፣ እኛ እኮ ሃምሳውን ሎሚ ያሸከምነው የአንድ ሰው ሆድ ነው! በሻዕባን ወር፣ በጁምዓው ቀን የሆነውን ማንም አልነገረዎትም?"

አልነገሯቸውም። ሐሜተኛ የሚነግረው የቁልፉን እንጂ የቁልፉን ምክንያት አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ጁምዓ ጠዋት ሚስራ ለአባቷ ቁርስ አብልታ የስኳራቸውን ኪኒን ሰጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። የኪኒኑ ብልቃጥ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ጎረቤቷ ፋጥማ ገብታ "አባባ ሙህዲን፣ መድኃኒት ወስደዋል?" አለች። "ኧረ አልወሰድኩም" አሉ። ቢስሚላህ ብላ አጎረሰቻቸው። ከሶላት መልስ ለጥየቃ የመጣ አንድ ወዳጃቸው ያንኑ ጠየቀ፤ ያንኑ መለሱ፤ አጎረሳቸው። የአክስቷ ልጅም መጣ፣ እሱም አጎረሰ። በቤታቸው የታመመ ሰው ተጠይቆ በእጅ ሳይጎረስ አይወጣምና፣ ጉርሻው እንጀራ ይሁን ኪኒን ማንም አልለየውም። ከዐሥር ሶላት በፊት ሽማግሌው ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተዝለፍልፈው ወደቁ።

"ባጃጅ ላይ ታቅፌያቸው ስሄድ ስጠራቸው አይሰሙኝም ነበር" አለች ሚስራ። "ሐኪሙ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዷል፣ ትንሽ ብትቆዩ አታገኟቸውም ነበር አለ። 'ዛሬ መድኃኒቱን የሰጠው ማነው?' ብሎ ሲጠይቅ ምን ሆነ መሰለዎት? 'እኔ!' 'እኔ ነኝ!' 'እኔም ሰጥቻለሁ!' ተሽቀዳደሙ። ሁሉም በጎ የሠራ መስሎታል። ጠዋት የሰጠሁት እኔ ስደመር አራት እጅ ሆንን።"

"ሱብሐነላህ..."

"ባቲ ላይ አንዱን ግመል አራት ደላላ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነጋገር፣ ለአራት ሰው ቢሸጠው ምን ይሆናል?"

"ደም ይፈሳል እንጂ ምን ይሆናል!"

"የኛም ቤት ያው ነው። ፍቅር አላነሰንም፤ የጠፋው 'እኔ ሰጥቻለሁ፣ አንተ ተው' የሚል ሰው ነው።"

አያ ረጀብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን በክርክር የተሸነፈ ሰው ሁሉ ልቡ አይሸነፍም፤ ግቢው በር ሲደርሱ እንደገና ደነደኑ። "ነገርሽ ጥሩ ነው። ግን ወንድሜን ከራሱ አፍ ሳልሰማ አልፈርድም" አሉ።

አባባ ሙህዲን በግቢው ካለችው የዘይቱን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የጋቢያቸውን ጠርዝ በጣታቸው እያጠፉ፣ እንደሚዘመዝም ሰው ይጫኑት ነበር። ፋጥማ አጠገባቸው አለች። ወንድማቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ረጀብ! እሰይ መጣህልኝ! እኔማ እስረኛ ሆኛለሁ። ይቺ ልጅ መድኃኒቴን ከለከለችኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባፌ አልዞረም!"

"ሰማሽ?" አያ ረጀብ ወደ ሚስራ ዞሩ። ዓይናቸው ቀላ።

ሚስራ ደብተር አምጥታ ዘረጋች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የኪኒኑ ስም፣ የሰጠው ሰው ስም፤ የዛሬው ጠዋትም ተጽፏል። "የስኳሩ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ነው። የደም ግፊቱ ከምሳ ጋር፤ ሰዓቱ አሁን ነው።"

"ታዲያ ወንድሜ ዋሾ ነው? ደብተር አምኜ ወንድሜን ዋሾ ልበለው?"

"አባየ ዋሽተው አያውቁም!" አለች ሚስራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ዋሾ እያወቀ የሚደብቅ ነው። እሳቸው የሚናገሩት የሚታወሳቸውን ነው። ለዚህም ነው 'ወስደዋል?' ብሎ እሳቸውን መጠየቅ የማይገባው። ጥፋቱ የጠያቂው ነው።"

ምሳ ቀረበ። በጉርሻው መካከል ሚስራ ሣጥኑን ከፈተች፣ የብልቃጡን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፣ አንዲት ኪኒን አውጥታ በአጎቷ መዳፍ ላይ አኖረች። "እንኩ፣ በእጅዎ ይስጧቸው። አጅሩም የእርስዎ ይሁን።" ደብተሩ ላይም "ረጀብ" ብላ ጻፈች። አያ ረጀብ ደስ አላቸው። ቢስሚላህ ብለው ወንድማቸውን አጎረሱ፣ ውኃም አጠጡ፣ መዋጣቸውንም አዩ። ከዚያ ዙሁርን ሊሰግዱ ወደ መስጊድ ሄዱ።

ሲመለሱ አባባ ሙህዲን እዚያው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በራ።

"ረጀብ! መቼ መጣህ? እሰይ! ምን ልንገርህ፣ ይቺ ልጅ መድኃኒቴን ከለከለችኝ። ሦስት ቀኔ ባፌ ካልዞረ።"

"ሙህዲን... አሁን እኮ... እኔ በዚህ እጄ..."

"አንተማ አሁን መግባትህ ነው። እስቲ ተቆጣልኝ!"

አያ ረጀብ ቀኝ እጃቸውን ከፍተው አዩት። ወንድማቸው ይህን እጅ ረስተውታል፤ ጉርሻውንም ረስተውታል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። ሚስራም አለቀሰች፤ ስትከራከር የዋለች ሴት እንባዋን የምታፈስበት ጊዜ አላገኘችም ነበር።

"አፉ በይኝ ልጄ" አሉ ቆይተው። "ወላሂ፣ አንቺ ሳትኖሪ መጥቼ ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ሁለተኛውን እሰጠው ነበር። አምስተኛው እጅ እኔ ነበርኩ።"

ይህን የሰማችው ፋጥማ ከአራቱ አንዷ ስለሆነች አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላ የሻርፗን ጫፍ ፈታችና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። "እንግዲያው እኔም ልናገር። ከሰንበቴ ገበያ ያስመጣሁት የእንቅልፍ ኪኒን ነው። አባባ ሙህዲን ማታ ማታ እየተነሱ ሲያስቸግሩሽ አዝኜ፣ ዛሬ ልሰጣቸው ነበር።"

"ስሙ ማነው?" አለች ሚስራ።

"እኔ እንጃ። ነጭ ነው።"

"ነጭ!" አያ ረጀብ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከአንድ ሰዓት በፊት የቁልፍ ጠላት የነበሩት ሰውየ አሁን የሣጥኑ ዘበኛ ሆኑ። "ጥርሱ ያልታየ ግመል ማን ይገዛል? ስሙን የማናውቀውን ለወንድሜ ልናጎርስ?"

"እትየ ፋጥማ፣ ልብሽ ሸጋ ነው፤ አውቃለሁ" አለች ሚስራ። "ግን የእንቅልፍ ኪኒን ሽማግሌን ያዞራል፣ ይጥላል፣ መርሳቱንም ያባብሳል። ከሌላው መድኃኒት ጋርም ሊጣላ ይችላል። ነገ አብረን ለሐኪሙ እናሳየው። የአበሻ መድኃኒትም ቢሆን፣ ከሌላ በሽተኛ የተረፈም ቢሆን፣ እሱ ሳያይ ባፋቸው አይገባም።"

ፋጥማ ጥቅልሏን አስረከበች። ሚስራም ወስዳ ቆለፈችበት።

እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥቅም ልብ ያለው ያስተውል። አባባ ሙህዲን ዳግመኛ አልወደቁም። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ፣ የሚበሉት ማነሱን ሰምቶ የስኳሩን ኪኒን መጠን ቀነሰላቸው፤ ሰጪው ብዙ ሆኖ ጻፊ ባልነበረ ጊዜ ይህን ማን ያውቅ ነበር? ሚስራ ትምህርት ቤት ስትውል ልቧ አይሰቀልም። እሷ በሌለችበት ቀን ቁልፉ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል፤ ኪኒኑን ያ ሰው ይሰጣል፣ ያው ሰው ይጽፋል። ጠያቂም አልቀረ፣ ጉርሻም አልቀረ፤ የመጣ ሁሉ ከምሳቸው ያጎርሳቸዋል፣ ኪኒኑን ግን አይነካም። ባቲ ላይም "ሚስራ አባቷ ላይ ቆለፈች" የሚል ሰው አያ ረጀብ ፊት ቢያወራ፣ ገበያው መካከል አዋርደው ይለቁታል።

የማይለወጥ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም የሚስራ ሸክም ነው። አያ ረጀብ በዚያ ቀን ሲሰናበቱ አባባ ሙህዲን የወንድማቸውን እጅ ይዘው፣ "ይቺ ልጅ ጨካኝ ናት" አሉ። "መድኃኒቴን ከለከለችኝ።"

አያ ረጀብ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚስራ ቀደመቻቸው። አባቷ ፊት ተንበርክካ የጋቢያቸውን ጠርዝ አስተካከለችና፣ "አዎ አባየ፣ ጨካኝ ነኝ" አለች። "የማታውን በሰዓቱ ከእራትዎ ጋር አመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ቢቆጡኝም፣ አገር ቢያማኝም አልከፍትም።"